ጎጆ መውጫ፦ የመጀመሪያዋ ቤት ታሪክ በእኛ ዘንድ



በአገራችን አንድ ወጣት ትዳር ይዞ የራሱን ኑሮ ሲጀምር «ጎጆ ወጣ» ይባላል። ልብ ብላችሁ እንደሆነ አባባሉ ትዳርንና ቤትን አንድ ላይ አስሮ ነው የሚያቀርባቸው። አባቶቻችን ቤት የሌለውን ትዳር አያውቁትም ነበርና። ዛሬ ግን ወልድያና መርሳን በመሰሉ ከተሞቻችን ኒካሕ አስረው፣ ልጆች ወልደው፣ በአንዲት የኪራይ ክፍል ዓመታትን የሚያሳልፉ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ልጃችን ከአባቱ ጎጆ ወጣ እንጂ ገና ወደ ራሱ ጎጆ አልገባም።

ታዲያ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ለሚሠራ ወይም ለሚገዛ ሰው እርዳታ የሚመጣው ከየት ነው? ብዙዎቻችን ይህን ስንጠየቅ ቶሎ ወደ አእምሯችን የሚመጡት መንግሥትና ባንክ ናቸው። ታሪኩን ወደ ኋላ ሄደን ብናየው ግን ለመጀመሪያ ቤት የሚያስፈልጉት እርዳታዎች ሦስት ሆነው እናገኛቸዋለን፤ ቦታ፣ የሰው እጅና ጊዜ። ጊዜ ስንል ዕዳን ቀስ ብሎ የመክፈያ ፋታ ማለታችን ነው። እያንዳንዱ ዘመን ከሦስቱ አንዱን ሲሰጥ ሌላውን ነስቷል። ለእኛ ለሙስሊሞች ደግሞ አራተኛ ጥያቄ ይጨመራል፤ እርዳታው የሚሰጠው በምን ውል ነው?

የመዲና ትምህርት

የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ መዲና ሲሰደዱ የራሳቸው ቤት አልነበራቸውም። አብረዋቸው የተሰደዱት ሙሃጂሮችም ቤታቸውንና ንብረታቸውን መካ ላይ ትተው የመጡ ነበሩ። የመዲና አንሷሮች በራቸውን ከፈቱላቸው፤ አንዱ ሌላውን ወንድም አድርጎ ተቀበለ። መልእክተኛው ራሳቸው በአቡ አዩብ አል አንሷሪ (ረ.ዐ.) ቤት ለወራት በእንግድነት ተቀመጡ።

ከዚያም መስጊዱና ከጎኑ መኖሪያ ክፍሎቻቸው የሚሠሩበት ቦታ ተመረጠ። ቦታው ሳህልና ሱሃይል የተባሉ የሁለት የቲሞች ነበር። በነፃ ሊሰጥ ቢቀርብም መልእክተኛው ዋጋው ካልተከፈለ አይሆንም አሉ፤ ተከፈለም። ግንባታው ሲጀመር ጭቃና ጡብ ከተሸከሙት መካከል እርሳቸውም ነበሩ። ክፍሎቹ የተሠሩት ከጭቃ ጡብና ከተምር ዛፍ ነበር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሦስቱም እርዳታዎች አሉ። ቤት እስኪሠራ ድረስ የአንሷሮች መጠለያ ፋታ ሰጠ። ቦታው በሐላል ዋጋ ተገዛ። ሥራው በብዙ እጅ አለቀ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ለመስጊድ እንኳ ቢሆን የየቲም ሐቅ እንደማይታለፍ እንማራለን። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ ሐብሩ ስንመለስ ታስፈልገናለች።

ደቦና እቁብ

በሐብሩ ገጠር ቤት ለመሥራት ባንክ የሚያስፈልግበት ጊዜ አልነበረም። ልጁ ሊያገባ ሲል አባት ከይዞታው ጥግ ቦታ ይሰጣል። ዘመድ እንጨት ያዋጣል። ቀኑ ሲቆረጥ ጎረቤት በደቦ ይወጣል፤ ጉድጓድ የሚቆፍረው፣ ምሰሶ የሚያቆመው፣ ማገር የሚያስረው፣ ጭድና ጭቃ የሚያቦካው በየፊናው ይሠራል። ሴቶች ውኃ ይቀዳሉ፣ ምግብና ቡና ያቀርባሉ፣ በመጨረሻም ዱዓ ይደረጋል። የባለቤቱ ዕዳ ነገ ጎረቤቱ ሲሠራ ሄዶ መርዳት ብቻ ነው። በዚህ ዕዳ ላይ ጭማሪ የለም፤ አንድ ቀን የሠራልህን አንድ ቀን ትሠራለታለህ።

ወደ ከተማ ሲመጣ ግን ነገሩ ተለወጠ። በከተማ አባት የሚቆርሰው ቦታ የለውም። ቆርቆሮ፣ ብሎኬት፣ ሲሚንቶና ብረት በደቦ አይገኙም፤ ገንዘብ ይጠይቃሉ። ስለዚህ የከተማው ሰው ደቦውን ወደ ገንዘብ ለወጠው፤ እቁብ ይሉታል።

እቁብን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ውስጡን ግን አልፎ አልፎ ብቻ ነው የምንመረምረው። ሃያ ሰዎች በየወሩ አንድ አንድ ሺህ ብር ቢጥሉ በየወሩ ሃያ ሺህ ብር ለአንዱ ይወጣል። በመጀመሪያው ወር ዕጣ የደረሰው ሰው የራሱ አንድ ሺህ ብር ብቻ ነው፤ አሥራ ዘጠኙን ሺህ ያበደሩት ጓደኞቹ ናቸው። የመጨረሻው ደግሞ በተራው አሥራ ዘጠኝ ሺህ ያበደረ ሰው ነው። ሃያውም ያስገቡትን ያህል ይወስዳሉ፤ አንድም ሰው ጭማሪ አያገኝም። ትክክለኛ ስሙን ከሰጠነው ይህ እርስ በርስ የሚሰጥ ቀርድ ሐሰን ነው። የሚበላሸው ዕጣ የደረሰው ሰው ተራውን ለቸኮለው በትርፍ ሲሸጥለት ነው። ያን ጊዜ ገንዘብ በበለጠ ገንዘብ ተሸጠ ማለት ስለሆነ ወለድ በጓሮ በር ገባ። እቁብተኞች ሆይ፤ ይህን ተጠንቀቁ።

ይህ ዘዴ የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ከተማ እ.ኤ.አ. በ1775 ሪቻርድ ኬትሊ በተባለ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ቤት የተሰበሰቡ ሰዎች የቤት መሥሪያ ማኅበር አቋቋሙ። በየጊዜው ያዋጣሉ፤ የተጠራቀመው ለአንድ ቤት ሲበቃ ለአባል ይደርሳል፤ ሁሉም ቤት ሲያገኙ ማኅበሩ ይፈርሳል። እቁብ ማለት ነው! በኋላ ግን እንዲህ ያሉ ማኅበራት ከውጭ ሰው በወለድ ገንዘብ እየተቀበሉ ለሌላው በወለድ ማበደር ጀመሩ፤ ሳይፈርሱም ቋሚ አበዳሪ ሆነው ቀሩ። በወንድማማችነት የተጀመረው መዋጮ ቀስ በቀስ ንግድ ሆነ።

ቦታ ተሰጠ፣ ብድሩ ግን በወለድ

በአገራችን ለቤት ብለው የሚያበድሩ ተቋማት የመጡት በ1950ዎቹ ዓ.ም. ነው። በንጉሡ ዘመን አንድ የቁጠባና የቤት ባለቤትነት ማኅበር እንዲሁም አንድ የቁጠባና የሞርጌጅ ኩባንያ ተቋቋሙ። ተጠቃሚዎቻቸው በአብዛኛው የአዲስ አበባ ደመወዝተኞች ነበሩ። ለመርሳ ነጋዴም ሆነ ለግራና ገበሬ ከወሬ ያለፈ ነገር አልደረሰውም።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ ለመኖሪያ አንድ ቤት ብቻ እንዲኖረው ተወሰነ። ቤት ለሚሠራ ሰው እስከ 500 ካሬ ሜትር ቦታ እንዲሰጥ ተፈቀደ። የኪራይ ዋጋ ተቀነሰ፤ የግል ኪራይ ተከለከለ። ኪራዩ በወር ከመቶ ብር በታች የሆነው ቤት ወደ ቀበሌ ሄደ፤ «የቀበሌ ቤት» የምንለው ከዚያ የተወለደ ነው። ሁለቱ የቀድሞ አበዳሪዎችም ተዋሕደው የቤቶችና ቁጠባ ባንክ ሆኑ።

የደርግ መንግሥት የቤት ሠሪዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራትን አበረታታ። ለማኅበር የታቀፈ ሰው ቦታ በነፃ ያገኝ ነበር፤ የብድሩም ወለድ ግለሰብ ከሚከፍለው ያነሰ ነበር። ሚዛናዊ እንሁን፤ ብዙ ዝቅተኛ ደመወዝተኛ በዚህ መንገድ የቤት ባለቤት ሆኗል። ነገር ግን ወለዱ ዝቅ አለ እንጂ አልቀረም። ሪባ ደግሞ በመቶኛው ማነስ ሐላል አይሆንም። ስለዚህ ዲኑን የሚጠነቀቅ ቤተሰብ የቀረበለትን ማዕድ ከፍሎ ማየት ነበረበት። ቦታው የእርሱ መብት ነው፤ ይወስዳል። ብድሩን ይተዋል። ከዚያም በእቁብ፣ በንግድ ትርፍና በዘመድ ብድር አንድ ክፍል ይሠራል፤ ከዓመታት በኋላ ሁለተኛውን ይቀጥላል። የዚህ ቤተሰብ ቤት ቢዘገይ የሰነፍ ቤት ሆኖ አይደለም፤ የተጠነቀቀ ሰው ቤት ስለሆነ ነው።

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ በ1986 ዓ.ም. የከተማ ቦታ በሊዝ እንዲያዝ አዋጅ ወጣ፤ በ2004 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ ተጠናከረ። ቀድሞ በነፃ ይገኝ የነበረው ቦታ የጨረታ ዕቃ ሆነ። የቤቶችና ቁጠባ ባንክም በእ.ኤ.አ. 1994 ስሙን ለውጦ የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ተባለ፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ተዋሐደ። እንዲህ ሆኖ ለቤት ብቻ ብሎ የቆመው ባንክ ቀረ።

ኮንዶሚኒየምና ዕጣው

በ1996 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቦሌ ገርጂ ላይ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድጋፍ ለሙከራ የተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሰፊ ፕሮግራም ወለዱ። ሠላሳ በመቶው ዕጣ ለሴቶች እንዲሆን መደረጉ ይበል የሚያሰኝ ነበር። በ2005 ዓ.ም. ዐሥር ዘጠና፣ ሃያ ሰማንያና አርባ ስድሳ የተባሉት መርሐ ግብሮች ተከፈቱ። ሃያ ሰማንያ ማለት ተመዝጋቢው የቤቱን ዋጋ ሃያ በመቶ በቁጠባ ያጠራቅማል፤ ዕጣ ሲወጣለት ሰማንያ በመቶውን ከንግድ ባንክ ተበድሮ በረጅም ጊዜ ይከፍላል ማለት ነው። ብዙ መቶ ሺህ ሰው ተመዘገበ። ቤቱ ግን ከተመዝጋቢው እጅግ ያነሰ ስለነበር ሲቆጥቡ ዓመታትን የጨረሱ ሳይደርሳቸው ቀሩ።

ፕሮግራሙ ወደ ክልል ከተሞችም ወጥቶ ነበር። ነገር ግን በአብዛኞቹ ተቋርጦ ዋናው ሥራ አዲስ አበባ ላይ ቀረ። በአማራ ክልል ከተሞች የሚሻለው መንገድ በማኅበር ተደራጅቶ ቦታ በምደባ መጠየቅ ሆኖ ቆይቷል። በዚህ መንገድ አባላት ገንዘባቸውን በባንክ በዝግ ሒሳብ አስቀምጠው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ይህ ብድር ሳይሆን የራስ ገንዘብ ስለሆነ የሙስሊሙን ቤተሰብ እጅ የሚያስር አይደለም። ሒሳቡ ወለድ የማይታሰብበት እንዲሆን መጠየቅ ብቻ ይበቃል።

ዘግይቶ የተከፈተው በር

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ከወለድ ነፃ አገልግሎትን የሚመለከት አንቀጽ ያዘ። በ2004 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ባወጣው መመሪያ መሠረት መደበኛ ባንኮች ከወለድ ነፃ መስኮት እንዲከፍቱ ተፈቀደ፤ ራሱን የቻለ ከወለድ ነፃ ባንክ ግን አልተፈቀደም ነበር። ያ የተፈቀደው በ2011 ዓ.ም. ሲሆን ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ሒጅራ ባንክና ሌሎችም ተከተሉ። አስቡት፤ ከ1950ዎቹ የመጀመሪያ የቤት ብድር እስከዚህ ድረስ ወደ ስልሳ ዓመት ይሆናል። አያት የተከለከለችው በር ለልጅ ልጅ ተከፈተ።

አሁን ጥንቃቄ የሚያሻው እዚህ ላይ ነው። «ከወለድ ነፃ» ማለት «ርካሽ» ማለት አይደለም። ሙራባሓ በሚባለው ውል ባንኩ ቤቱን ወይም ዕቃውን ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን ገልጦ፣ በታወቀ ዋጋ ለእናንተ በዱቤ ይሸጣል። ሙሻረካ በሚባለው ደግሞ ባንኩና እናንተ ቤቱን በጋራ ትገዛላችሁ፤ በባንኩ ድርሻ ልክ ኪራይ እየከፈላችሁ ድርሻውን ቀስ በቀስ ትገዙታላችሁ። በካናዳ ቶሮንቶ የሚገኙ ሙስሊሞች እ.ኤ.አ. በ1981 የቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው የሠሩት በዚህ ዓይነት መንገድ ነው። ባንክ አልጠበቁም፤ አክሲዮን እየገዙ በራሳቸው ገንዘብ ጀመሩ።

ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት አራት ነገር ጠይቁ። ባንኩ ቤቱን ወይም ዕቃውን ከመሸጡ በፊት በእርግጥ ይገዛዋል ወይስ በወረቀት ብቻ ያልፋል? ጠቅላላ ዋጋው ከመጀመሪያው በቁጥር ተጽፎ የማይለወጥ ነው? ክፍያ ብዘገይ በዕዳዬ ላይ የሚጨመር አለ? ካለስ ለባንኩ ገቢ ይሆናል ወይስ ለበጎ አድራጎት? ብታመም ወይም ሥራ ባጣ ምን ይደረጋል? ሱረቱል በቀራህ ሪባን ከከለከለ በኋላ የተቸገረ ባለ ዕዳ ፋታ እንዲሰጠው ማዘዙን አስታውሱ። ፋታ የሌለው ውል ስሙ በዐረብኛ ስለተጻፈ ብቻ መንፈሱን አያገኝም።

የእኅቶቻችን ገንዘብና የማን ስም

እንግዲህ ወደ ሐብሩ እንመለስ። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ በመርሳና በዙሪያዋ ባለፉት ዓመታት ለብዙ ቤተሰብ የመጀመሪያ ቤት የሆነው ገንዘብ ከባንክም ከመንግሥትም አልመጣም። ከሳዑዲ ዐረቢያና ከሌሎች የዐረብ አገሮች ነው የመጣው። የላኩት ደግሞ በአብዛኛው በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶቻችንና በረሃና ባሕር አቋርጠው የሄዱ ወንድሞቻችን ናቸው። የቤት እርዳታ ፕሮግራማችን እነርሱ ነበሩ ብንል ማጋነን አይሆንም።

በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ150 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን ገቡ። ከእነርሱ መካከል «እዚያ ቤት አለኝ» ብሎ የመጣ ሰው ቤቱ የሌላ ሰው ሆኖ ቢያገኘው ምን ይሰማዋል? ቦታው በአባት ስም፣ ካርታው በወንድም ስም፣ ገንዘቡ ግን የእርሷ! ወንድም ካገባ፣ አባት ካለፈ በኋላ ነገሩ ወደ ውርስ ክርክር ይሄዳል። እርሷ የሐዋላ ደረሰኝ እንኳ አልያዘችም፤ ቤተሰቤን አምኛለሁና።

በዚህ ጉዳይ ላይ ቁርኣን ዝም አላለም። ከአንቀጾቹ ሁሉ ረጅሟ፣ የአል በቀራህ 282ኛዋ፣ ስለ ዕዳ ውል መጻፍና ስለ ምስክር የምትናገር ናት። ጸሐፊው በትክክል እንዲጽፍ፣ ምስክር እንዲቆም፣ ትንሽም ሆነ ትልቅ ከመጻፍ እንዳይሰለች ታዛለች። ጽሑፍ ያለመተማመን ምልክት አይደለም። ወንድማማችነትን ከጥርጣሬ የሚጠብቅ አጥር ነው። መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ.) ከሁለቱ የቲሞች ቦታ ዋጋ ሳይከፍሉ አልወሰዱም ብለን ነበር። ታዲያ በስደት ላይ ያለች እኅት ገንዘብ ከየቲም ሐቅ በምን ያንሳል? እርሷም እኮ በአጠገቧ ተከራካሪ የላትም።

አባቶችና ወንድሞች ሆይ፤ በእጃችሁ ያለው የእርሷ ገንዘብ አማና ነው። የላከችውን በቀንና በመጠን መዝግቡ። ለቤቱ የዋለውንና ለቀለብ የዋለውን ለዩ። ቦታው በእርሷ ስም ሊሆን የሚችል ከሆነ በስሟ ይሁን፤ ካልሆነ ድርሻዋ በውል ተጽፎ በምስክር ፊት ይፈረም። አንዱ ቅጂ በእርሷ እጅ ይሁን። በ2013 እና 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያንና መርሳን ሲያዳርስ ባንኮች ለወራት ተዘግተዋል፤ ቢሮዎችም ተዘርፈዋል። በአንድ መዝገብ ብቻ የተቀመጠ ሐቅ ምን ያህል አደጋ ላይ እንደሆነ ያን ጊዜ ዓይናችን አይቷል።

ምን እናድርግ?

ከዚህ ሁሉ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት አንድ ነው። የመጀመሪያ ቤት በአንድ ሰው ጉልበት የሚቆም አይደለም፤ የረዳው እጅ ሐቅ ካልተጠበቀ ደግሞ ቤቱ ቢቆምም በረካ አያገኝም።

ልጁን የሚድር አባት ለሠርግ ከሚያወጣው ላይ ቀንሶ ለቆርቆሮና ለማገር ቢያውል ሙሽሮቹ የሚያመሰግኑት ከድግሱ በኋላ ነው። ቅሬያችን ሰው ሲሞት ድንኳንና ቀብር ያሰናዳል፤ ይኸው ቅሬ ሰው ሲያገባ የጎጆ መውጫ እቁብ ቢያቋቁም ምን ይከለክለዋል? ተራው በዕጣ ብቻ ከሚሆን ቦታ ያገኘው ቀድሞ ቢወስድ፣ ያላገኘው ቢጠብቅ ለሁሉም ይበጃል። የዕቃ ዋጋ በየጊዜው ስለሚጨምር የመጨረሻው ሰው እንዳይጎዳ እቁቡን አጭር ማድረግም ብልህነት ነው። የመስጊድ ኮሚቴዎችም ወለድን የማይነካ ውል እንዴት እንደሚጻፍ ለወጣቶች ቢያስተምሩ የጁምዓ ቀን ትልቅ ሥራ ይሆናል። ዘካን በተመለከተም በዕዳ የተያዙ ሰዎች ከስምንቱ ተቀባዮች መካከል መሆናቸውን አስታውሳችሁ ዑለማኦቻችሁን ጠይቁ።

እነሆ ከአቡ አዩብ ደጅ ጀምሮ እስከ መርሳ ድረስ መጣን። ቤት የሌለው ወንድም ወይም እኅት ከመካከላችን አይጠፋም። ዛሬ ማታ ቡናው ሲፈላ ይህን ጉዳይ አንሡት፤ የተላከላችሁ ገንዘብ ካለ ደብተር አውጡና ጻፉት።

አላህ (ሱ.ወ.) ቤት ለሌለው ቤት፣ ባለ ዕዳ ለሆነው ፋታ፣ በስደት ላሉት በሰላም መመለስን ይወፍቅልን። አሚን። ወቢላሂ ተውፊቅ።